ትዳሩ አለ፤ ወረቀቱስ?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንችስ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ከቤቱ አስቀድሞ ያወጣው ወረቀት ነበር። አልጋውና ቁምሳጥኑ ከዚያ በኋላ ነው የወጡት። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቢል፣ የቆየ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁሉም ከፌስታልና ከብረት ሳጥን እየወጣ በየደጃፉ ሲገላበጥ አይቻለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናትም ሳጥናቸውን ከፍተው ያላቸውን ደረደሩ። ካርታው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱም አለ። የጋብቻ ወረቀት ግን የለም። ከ30 ዓመት በላይ የኖሩበት ትዳር የተመሠረተው በሽማግሎች ፊት፣ በሰማንያ ነው። የሰማንያዋ ወረቀት አንድ ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ በስብሳ ተጥላለች። «ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው ልጄ፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀኝ የለ?» አሉኝ።

እውነት ነው፤ ሠፈሩ ያውቃቸዋል። ግን ያ ሠፈር ተበትኗል። አንዱ ከተማው ዳር ምትክ ቤት ደረሰው፣ አንዱ ከልጁ ጋር ተጠጋ፣ አንዱ ኪራይ ፍለጋ ሄደ። ሚስትነታቸውን ሊመሰክሩ የሚችሉት ሰዎች ስልካቸው እንኳ ተቀያይሯል። በዚህ መሀል ባለቤታቸው ከትዳሩ በፊት የወለዱት ልጅ የወራሽነት ማስረጃ ይዞ መጣ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። የአባቱን ድርሻ ነው የጠየቀው፤ መብቱም ነው። እርሳቸው ግን ልጅ አልወለዱም። ሚስት መሆናቸውን ካላስረዱ በዚያ ቤት ካሳ ላይ ከመንገደኛ የተለየ ቦታ የላቸውም።

የዚህች እናት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ይህንንም ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ በብዙ ነገሩ ጥሩ ሕግ ነው። ባልና ሚስትን እኩል ያደርጋል፤ በትዳር ውስጥ የተፈራውን ሀብት የጋራ ይላል፤ ልጅን ከጋብቻ ውጭ ተወለደ ብሎ አያሳንስም። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ የሚሰጠው ለሚያስረዳ ሰው ነው። ማስረዳት የሚያቅተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በየትኛውም ሰነድ ላይ ያልሰፈረው ሰው ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ሚስት ናት።

ባል «የቤተሰቡ አለቃ» ከነበረበት ዘመን

ወላጆቻችን የተጋቡት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ግዴታ ነበረባት። ለጋብቻ ወንዱ 18፣ ሴቷ 15 ዓመት ከሞላቸው ይበቃ ነበር። ፍቺ ሲመጣ ጉዳዩን በመጀመሪያ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤት በኋላ የሚመጣ ነው። ሽማግሎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ነበሩ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡም፣ በጋብቻው ዘመንም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንዲታረቅ ጎተጎቱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ቤተሰቡን የሚያስተዳድሩት ሁለቱም በእኩል ሆኑ። የማፋታት ሥልጣን ከሽማግሎች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ። ሽማግሌ ዛሬም አለ፤ ሥራው ግን ማስታረቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል፤ ኦሮሚያም ሌሎችም እንዲሁ። ደብረ ብርሃን ተጋብቶ አዲስ አበባ ቤት ሠርቶ የሚኖር ቤተሰብ ሞልቷል። ሕጎቹ በዋናው ነገር ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይጎላም፤ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ግን «የት ተጋባችሁ?» መባላችሁ አይቀርም።

ሦስት በር፣ አንድ መዝገብ

ሕጉ ለጋብቻ ሦስት በር ከፍቷል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት መፈራረም አንዱ ነው፤ አዲስ አበቤ እስካሁን «ማዘጋጃ» የሚለው። ሁለተኛው በሃይማኖት ሥርዓት መጋባት ነው፤ በተክሊልም ሆነ በኒካህ። ሦስተኛው በባህል ነው። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። በየትኛውም በር ቢገባ ግን ጋብቻው መመዝገብ አለበት ይላል አንቀጽ 28።

መመዝገቡ ለብዙ ዓመት በወረቀት ላይ የቀረ ትእዛዝ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ተጋብቶ ምሳውን አብልቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ፣ ማዘጋጃ ካልሄደ በስተቀር፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ላጤ ነው። የከተማችን ጎልማሶች ስንቶቹ በዚህ መልክ እየኖሩ እንደሆነ ለመገመት ቤታችሁን ጠይቁ፤ እናትና አባታችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አላቸው?

አለመመዝገብ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ሕጉ ወረቀት ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ ትቷል። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ሲቆጥሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ ሲያውቃቸው ከኖረ ፍርድ ቤት ጋብቻው ነበር ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ሰዎች የዕድር መዝገብ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ክርስትና ካርድ፣ የቀብር ላይ ዝርዝር ሳይቀር ይዘው ችሎት የሚቆሙት። መንገዱ ደግ ነው፤ ግን በምስክር ላይ የቆመ ነው፤ ምስክር ደግሞ ያረጃል፣ ይሞታል፣ ሠፈሩ ሲፈርስ ይበተናል። የመሀል ከተማው መልሶ ማልማት ፒያሳንም ካዛንችስንም ሲያነሣ ከቤቱ ጋር ያነሣው አንዱ ነገር ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲነሣ ስለ ሕንፃዎቹ ቅርስነት ብዙ ተጻፈ፤ መጻፉም ተገቢ ነበር። የጎረቤት ምስክርነት ሲበተን ግን የጻፈ አላየሁም።

«በስሜ ነው» የሚባለው ስሕተት

ችሎት ደጅ፣ ልደታም ሆነ አራዳ ምድብ፣ ከሁሉ በላይ የምትሰሙት ቃል «ቤቱ በስሜ ነው» የሚለው ነው። ሕጉ ግን ለስም ያን ያህል ክብር አልሰጠም። በአንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመን በጉልበታቸውና በሥራቸው ያገኙት ሁሉ የጋራ ነው። ከዚህም አልፎ ከግል ሀብታቸው የሚገኘው ገቢ የጋራ ነው። ባል ከጋብቻ በፊት የሠራው ቤት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል፤ ከዚያ ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ ግን ከጋብቻ በኋላ የሁለቱም ነው። ይህን ብነግራቸው የደነገጡ ወንዶች አውቃለሁ። አንቀጽ 63 ደግሞ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» ባዩ ላይ ነው።

የግል የሚባለው ጠበብ ያለ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ነው። ከወላጅ በውርስ የተገኘ ቤት ተሽጦ በገንዘቡ ሌላ ቤት ሲገዛ አዲሱም የግል ሊሆን ይችላል፤ ግን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህችን እርምጃ ሳይወስዱ ቀርተው ኋላ የተቆጩ ብዙ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን ያወሳሰበው ኮንዶሚኒየም ነው። የ20/80 ተመዝጋቢ 20 በመቶውን ቆጥቦ የቀረውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ነው የሚከፍለው። በ1997 ዓ.ም. ላጤ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በመሀል አግብቶ፣ ዕጣው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የወጣለት ሰው አለ። ዕጣው ከሠርጉ በፊት የወጣለት፣ ወርኃዊ ክፍያውን ግን ሁለቱም ደመወዝ እያዋጡ ለዓመታት የከፈሉትም አለ። ቤቱ የማን ነው? ክርክሩ መብቱ መቼ እንደተገኘና ክፍያው ከማን ኪስ እንደወጣ ወደ ማጣራት ይወርዳል። ባለ ዕጣው ቤቱን ቢያስቀር እንኳ በትዳሩ ዘመን ከጋራ ገቢ የወጣው ብር ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ የባንክ ደረሰኝ ማስቀመጥ ለማንም የማይጎዳ ልማድ ነው። ደረሰኝ አለማስቀመጥ የመተማመን ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ያሳዝነኛል።

ንብረቱ የጋራ ነው ማለት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም ማለት ነው። አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ ለማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ለሰው ዋስ ለመሆንም እንዲሁ። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደርም ስምምነት ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ለብዙ ቤተሰብ የወር ኑሮ ነበር፤ ዛሬ 5 ሊትር ዘይት አይገዛም። ሕጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አልተነካም። ይህን ገደብ ከፍ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ማንም ሊጠብቀው የማይችል ቁጥር ሕግ ውስጥ ሲቀመጥ ሰው ከጎኑ ያለውንም ዋና ነገር ይንቃል።

ወደ ውልና ማስረጃ እንምጣ። ቤት ወይም መኪና የሚሸጥ ሰው ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መጥታ ትፈርማለች፤ ካላገባ «ያላገባ ማስረጃ» ያመጣል። ማስረጃው የሚሰጠው ከመዝገብ ተነሥቶ ነው። ጋብቻው ካልተመዘገበ መዝገቡ ሰውየውን ላጤ ነው የሚለው። ሠራተኛው በሐቅ ይፈርማል፣ ውሉም በሐቅ ይጸድቃል፣ ቤቱ ግን ይሸጣል። ሚስት የምታውቀው ገዢው በሩን ሲያንኳኳ ነው። አንቀጽ 69 ውሉን ለማስፈረስ ጊዜ ይሰጣታል፤ ሽያጩን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ። ስድስት ወር ለቅሶና ለሽምግልና አጭር ነው። «ሽማግሌ ገብቷል፣ ትንሽ ታገሺ» እየተባለች ጊዜው ያመለጣትን ሴት አውቃለሁ፤ ታጋሽነቷ ቤቷን አስከፈላት።

ሚስት ወራሽ አይደለችም

በጣም ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ባል ሲሞት ሚስት ትወርሳለች ብሎ ያስባል። በኢትዮጵያ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። ይህ የመጣው ከቤተሰብ ሕጉ ሳይሆን ዛሬም ከሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውርስ ክፍል ነው። አስቀድመው የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ በእኩል። ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ እነርሱ ከሌሉ ወንድምና እህት እያለ ይቀጥላል። ሚስት የምትወስደው ከውርሱ በፊት ነው፤ የጋራ ሀብቱ ሲከፈል ግማሹ የራሷ ስለሆነ። የቀረው ግማሽ ነው ውርስ የሚባለው።

ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። የመጀመሪያው፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠሩት ቤት ውስጥ አንዱ ሲሞት ሌላው ከሟች ወንድሞች ጋር ግማሽ ለግማሽ ሊሆን ነው። ባልና ሚስት ይህን ከልባቸው ካልፈለጉ ኑዛዜ መጻፍ አለባቸው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረም ነው። በእኛ ዘንድ ኑዛዜ የሚነሣው የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ስለሆነ በደህና ቀን ማንሣቱ እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ይህ ልማድ ብዙ አረጋውያንን ከቤታቸው አስወጥቷል።

ሁለተኛው ካዛንችስ ወዳሉት እናት ይመልሰናል። ሚስት መሆናቸው ከተረጋገጠ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእርሳቸው ነው፤ ማንም የሰጣቸው አይደለም። ካልተረጋገጠ ደግሞ ወራሽም ስላልሆኑ የሚይዙት ነገር የለም። መካከለኛ መንገድ ያለ የሚመስለው ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ነው። ሕጉ ይህንንም ያውቀዋል፤ ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ይሆናል። ሆኖም ይህም መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው። ሦስቱ ዓመት መቼ ተጀመረ? ከዚያ ሰው ጋር ሻንጣ ይዞ የተገባበትን ቀን ማን ጻፈው?

የጡረታውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ባለ ጡረታው ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል የሚተርፈው የጡረታው 50 በመቶ ነው። ያንን ለማግኘትም የሚጠየቀው ሚስትነት ነው፤ ሚስትነት ደግሞ ወረቀት ነው።

ፍቺና ልጅ

ፍቺ በአዲሱ ሕግ ቀለል ብሏል። ሁለቱ ተስማምተው ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ አንዱም ብቻውን ሊያመለክት ይችላል፤ ምክንያቱን መግለጽም ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 1234፣ በፍርድ ቤት የሚመራ አስማሚነት ስለተፈቀደ ከችሎት በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚቻልበት ክፍል አለ። ሁለቱም ወገን ሙስሊሞች ከሆኑና ከተስማሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ ፈቃዳቸው ግን የግድ ነው። ስለ ፍቺ ሥነ ሥርዓት ከዚህ በላይ አልልም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

«ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእናት ነው» ሲባል ያልሰማ የለም። ይህ የ1952ቱ ሕግ ነው። አዲሱ ሕግ ዕድሜ አልቆረጠም። በአንቀጽ 113 ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጁን ጥቅም ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ አባቱ ለብዙ ዓመት ትቶት አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ በተመለከተ «አባት ነኝ» የሚለው ብቻ እንደማይበቃ ወስኗል። ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል። የሰበር ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ውሳኔው ለብዙ ልጆች ጋሻ ሆኗል። እኔ ከሕግ ውሳኔዎች ሁሉ ይህን የምወደው ልጁን እንደ ንብረት ስላልቆጠረው ነው።

ቀለብ ግን ቁስል ነው። ሕጉ መጠኑ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው ይላል፤ ሠንጠረዥ የለውም። ሰጪው የወር ደመወዝተኛ ከሆነ ገቢው ይታወቃል፤ ከደመወዙ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ የሠራተኛ ሕጉ ገድቦታል። ደላላ፣ ነጋዴ ወይም የራይድ ሾፌር ሲሆንስ? «ሥራ የለኝም» ይላል፤ እናት ደግሞ መኪናውን ፎቶ አንሥታ ትመጣለች። ዳኛው በግምት ይወስናል። ግምቱ ሲያንስ ልጅ ይራባል፤ ሲበዛ አባት ይሰወራል። ለከተማው ኑሮ የሚመጥን ዝቅተኛ መነሻ ተወስኖ በየዓመቱ ቢከለስ ዳኛውም እናትም አባትም የሚይዙት ነገር ያገኙ ነበር።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከሌላው ልጅ እኩል ነው። እኩልነቱ ግን የሚጀምረው አባቱ ሲታወቅ ነው። አባት በጋብቻ ግምት ይታወቃል፤ አብሮ በመኖርም፤ አባትየው ራሱ ልጁን በመቀበልም። እነዚህ ሁሉ ሳይኖሩ ሲቀሩ ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸው ምክንያቶች አሉ፤ አንዱ በጋብቻ ተስፋ ማታለል ነው። ዛሬ የዘር ምርመራ ክርክሩን ያሳጥረዋል፤ ወጪው ግን ጉሊት ለምትሸጥ ሴት ሩቅ ነው። ስለዚህ ብዙ እናቶች ልጃቸውን በገዛ አባታቸው ስም ያስመዘግባሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ አያቱን «አባቴ» ሲል ጓደኞቹ ይጠይቁታል። ስሙ በመዝገብ ስለሰፈረ መብቱ ያለቀለት ይመስላል፤ ከአባቱ ሊያገኘው የሚገባው ቀለብና ውርስ ግን እዚያው ቀርቷል።

ሦስት ቀን

ወላጅነትን ሕጉ ማን ላይ እንደጣለው ለማወቅ የፈቃድ ቀን መቁጠር ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ለመንግሥት ሠራተኛ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ተፈቅዶ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አባት ሚስቱን ከሆስፒታል ያወጣል፣ ገንፎው ይበላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። አራስ ቤት የቀረችው እናት እናቷ ወይም አማቷ ካሉላት ደህና። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ያለችው ግን ውኃ የሚያቀርብላት የለም። በቤተሰብ ሕጉ እኩል የሆኑት ወላጆች በሥራ ሕጉ 120 ለ3 ናቸው።

የእናቲቱም ፈቃድ ቢሆን የሚከፈለው ከአሠሪዋ ኪስ ነው። አራት ወር ደመወዝ ከፍሎ ሌላ ሰው በቦታዋ መቅጠር ለትንሽ ድርጅት ይከብዳል። በጽሑፍ ማንም አይለውም እንጂ ቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል? ልጅ አለሽ?» የሚባለው ለዚህ ነው። ሕጉ ነፍሰ ጡርን ማባረር ይከለክላል፤ ከመጀመሪያው አለመቅጠርን ግን ማን ያያል? ወጪው እንደ ጡረታው በጋራ መዋጮ ቢሸፈን ይህ ጥያቄ ከቃለ መጠይቅ ይጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፈቃዱ ሲያልቅ እናት ወደ ቢሮዋ የምትመለሰው ሌላ ሴት ቤቷ ስለገባች ነው። ሞግዚቷ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ፣ የራሷ ወሊድ ቢመጣ ፈቃዷ፣ ሁሉም በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የአንዷ እናት መብት በሌላዋ መብት ማጣት ላይ ሲቆም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር የ2010ሩ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አዝዟል፤ አንዳንዶቹም ከፍተዋል። በግሉ ዘርፍ ለምትሠራው እናት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልተጻፈላትም።

ምትክ ቤት ሲሰጥ

መሀል ከተማው አሁንም እየፈረሰና እየተሠራ ነው። ነዋሪ በተነሣ ቁጥር የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሰነድ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ ይህ በሌላ ጊዜ የማይገኝ አጋጣሚ ነው። ጎረቤት ገና ሳይበተን፣ የዕድሩ ጸሐፊ ገና ስልኩን ሲያነሣ፣ ያልተመዘገበ ጋብቻ እዚያው ቢመዘገብ፣ ምትክ ቤቱም በሁለቱም ስም ቢጻፍ ወደፊት የሚመጣው ክርክር ገሚሱ አይመጣም ነበር። አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ አንቀጽ 28ም፣ አንቀጽ 63ም፣ አዋጅ 760ም አሉ። ወረዳው ካርታውን ሲጠይቅ «ባለቤትዎስ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ነው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጂዶችም ሙሽሮችን መርቀው ሲያሰናብቱ ወደ ወረዳው ቢልኳቸው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መስማማት ለሚፈልጉም የጋብቻ ውል አለ። ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ፣ በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት ምስክር ባለበት ይጻፋል። ከተጋቡ በኋላ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጎረቤታችን ባለፈው ወር የሠፈሩን የቀድሞ ዕድር ጸሐፊ አገኟቸው። አዛውንቱ ዕድሩ ሲበተን መዝገቡን መጣል አላስቻላቸውም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አዲሱ ቤታቸው ወስደውት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር ውስጥ የባለቤታቸው ስም አለ፤ ከጎኑ «ባለቤት» በሚለው ሥር የእርሳቸው። መዝገቡን ለፍርድ ቤት አቅርበዋል፤ ሁለት የቀድሞ ጎረቤቶችም ሊመሰክሩ ተስማምተዋል፣ አንደኛው ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ነው።